በረዶ ይዞ ወደ ግሼ

ከግሼ የተመለስኩ ሰሞን ጎረቤቶቼ ተራ በተራ እየመጡ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። እኔ ወሬ አላበዛም፤ ለአንዷ የነገርኳትን ለሌላዋ መድገምም ይሰለቸኛል። ስለዚህ ጻፍኩት፤ የፈለገ ያንብበው። ድሬዳዋ ተቀምጦ ግሼን ለማየት የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም የእህቴ ልጅ ሰብለ ባትኖር ኖሮ አላስበውም ነበር።

ሰብለ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዋ የእንስሳት ደም መመርመር ነው። እሷን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ ወደ ግሼ የሚያስኬድ ሥራ መጣባት። ከራቤል አለፍ ብሎ ባለ አንድ መንደር በጎች እየጨነገፉ ነበር። የመንደሩ ሰዎች የበግ ማኅበር አላቸው። አንድ የተመረጠ አውራ በግ በጋራ ይይዛሉ፤ የአባላቱ በጎች ሁሉ የሚያረግዙት ከእሱ ነው። ውርጃ የሚያመጣው በሽታ በአውራው ላይ ካለ ለሁሉም ያዳርሰዋል። ሰብለ የአውራውንና የሴቶቹን በጎች ደም ልትመረምር ነበር የምትሄደው። ደሙ በሽታውን የሚያውቅ ሆኖ ከተገኘ አውራው ከመንጋው ይወጣል፤ መጨረሻውም ቢላዋ ነው።

"ብቻዎን ቤት ከሚውሉ አብረን እንሂድ፣ አየር ይለውጣሉ" አለችኝ።

ስለ አየሩ አልዋሸችም።

ሰኞ

ያለኝን ልብስ በሙሉ ለብሼ ወጣሁ። ሾፌሩ ንጉሤ ሲያየኝ ሻንጣዬ የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ለብሼዋለሁ አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ጣርማ በር ድረስ በየኩርባው እያስታወሰ ይስቅ ነበር።

ከኋላ ወንበር በእኔና በሰብለ መካከል አንድ የበረዶ ሣጥን ተቀምጧል። በውስጡ በረዶ፣ በበረዶው መካከል ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ አለች። የያዘችው ፈሳሽ መልኩ ጽጌረዳ ነው። ይህን ሁሉ ክብር ያገኘችው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ብልቃጧ ውስጥ ያለው የዚያ በሽታ ጀርም ነው አለችኝ፤ ገድለው በቀለም ነክረውታል። አንድ እንስሳ በበሽታው ተይዞ የሚያውቅ ከሆነ ደሙ ጀርሙን የሚይዝ ነገር ያበጃል፤ በመጽሐፍ ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚጠልለው ቢጫ ውኃ ሴረም ይባላል። እሱን ከብልቃጧ ጠብታ ጋር ሲያደባልቁት፣ ፀረ እንግዳ አካል ካለበት የሞተውን ጀርም እየያዘ ይጓጉላል። ከሌለበት ጠብታው እንደ ለስላሳ ቀለም ይቀራል።

"ታዲያ ደሙ ቂም ይይዛል በይኛ" አልኳት።

"ልክ ነው።"

ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ደም ያላቸውን ሰዎች አሰብኩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም።

ድሬዳዋ ላይ በረዶ የተከበረ ነገር ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ጎረቤት ያበዛል። ጣርማ በር ላይ ግን ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ በቀትር መብራት አብርተን ስንሄድ፣ በረዶ በሣጥን ቆልፎ ወደዚያ አገር መውሰድ ትንሽ አሳፈረኝ። ወንዝ ዳር ላለ ሰው ውኃ በእንስራ ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፈን ብዙ ሳንሄድ ጎማ ፈነዳ። ንጉሤ ክሪኩ አልነሳ ብሎት ሲታገል፣ ከሞላሌ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህዮቻቸውን እያቆሙ ተሰበሰቡ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልለመናቸውም። መኪናውን በእጃቸው ከፍ አድርገው ያዙለት። አንድ ሽማግሌ ስንቀጠቀጥ አይተው ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ጎማው እስኪለወጥ በሸሚዝ ብቻ ቆሙ። እኛ አገር ጥላ የሚያጋራ ሰው ደግ ይባላል፤ እዚህ ጋቢ ነው። ስመልስላቸው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ይብላኝልዎ" አሉና አህያቸውን ነዱ።

ሞላሌ በገብስ እንጀራ ሽሮ በላን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ከድሬዳዋ መምጣቴን ስትሰማ፣ ያን ያህል መንገድ የመጣሁት በግ ለመግዛት ከሆነ የአስተናጋጇ አጎት ጋ ጥሩ በግ እንዳለ ነገረችኝ። ደም ለማየት ነው ብላት ሒሳቡን ከእኔ ሳይሆን ከንጉሤ ተቀበለች።

ያደርነው መሐል ሜዳ ነው። ንጉሤ የሣጥኑ በረዶ እየሟሟ ስለነበር በረዶ የሚሸጥ ቤት ጠየቀ። የሆቴሏ ሴት ሥራዋን አቋርጣ ሳቀች። "ጠዋት ወደ ጓሮ ውጣና የፈለግከውን ያህል ልቀም" አለችው። እውነቷን ነበር። ጠዋት የፊት መታጠቢያዬ ላይ እንደ መስታወት ያለ ነገር ተጋግሮ አገኘሁ፤ በማበጠሪያዬ ሰብሬ ታጠብኩ።

ማክሰኞ

በጓሳ ሜዳ አለፍን። ብዙ ሰው ይህን ሜዳ ለማየት ከሩቅ ይመጣል። እኔ ያየሁት በብርድ ልብስ ስንጥቅ ነው፤ ረጅም ሣርና ፀሐይ የሚሞቁ ጭላዳዎች ነበሩ። ጭላዳዎቹ ከእኔ የተሻለ ለብሰዋል።

ራቤልን አልፈን መንደሩ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። የተቀበሉን አቶ ሽፈራው የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ በርኖስ የለበሱ ሰው ነበሩ። የማኅበሩ አውራ የሚውለውና የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው። ጠባቂነቱ ማዕረግ ነው፤ ማኅበሩ ለመረጠው ሰው ብቻ ይሰጣል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጫማዬን አስወልቀው እግሬን በበግ ቆዳ ጠቀለሉልኝ።

"እሜቴ፣ እግር ከሞቀ ሌላው ይከተላል" አሉኝ። አልተከተለም፤ ግን አልነገርኳቸውም።

አውራውን አሳዩን። ስሙ ሻምበል ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ የከበደ፣ ቀንዱ ሁለት ጊዜ የዞረ፣ ጥቁር ቡናማ በግ ነው። እኔ ስለ በግ አላውቅም፤ ነገር ግን ስልክ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት እንደሱ የሚያዩ አለቆች ነበሩኝ። ሰብለ ከአንገቱ ደም ስትቀዳ አቶ ሽፈራው ራሱን አቅፈው ይዘው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር። የሴቶቹን በጎች ደም ስትቀዳ ግን ከነመርፌው ያዩ ነበር።

የማኅበሩ አባላት ዙሪያውን ቆመው ነበር። ከመካከላቸው አቶ ደምሴ የሚባሉ፣ አጠር ያሉ ሰው፣ ነገር የሚወዱ ናቸው።

"ሽፈራው፣ ሻምበልህ ጡረታ ሊወጣ ነው መሰል" አሉ።

"አንተ ሳትወጣ?" አሉ አቶ ሽፈራው ዞር ሳይሉ።

ደሙ በየብልቃጡ ሆኖ ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ አደረ፤ ሴረሙ እስኪጠልል ነው። ራት ላይ ንጉሤ ስለ በረዶ ሣጥኑ ብዙ አወራ። ጽጌረዳዋ ብልቃጥ ሙቀት ከነካት እንደምትበላሽ፣ በረዶው እንዴት እንደተገዛ፣ አሁን ደግሞ እንደሟሟ፣ ቢመቸው ኖሮ ራሱ በረዶ ሆኖ ሣጥኑ ውስጥ እንደሚገባ ተናገረ። ሰብለ ደክሟት እያንቀላፋች ነበር። አቶ ሽፈራው የባቄላ ቆሎ እያቀረቡልን አንድም ቃል ሳያመልጣቸው አዳመጡ።

ረቡዕ

ሰብለ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ ባለው መደብ ላይ ጠብታ የምታደባልቅበትን ነጭ የሸክላ ሰሌዳ አስቀመጠች። መንደሩ በሙሉ መጣ። እሷ ማስረዳት ትወዳለች፤ ከመጀመሯ በፊት፣ በመንገድ ላይ የነገረችኝን ሁሉ በተራ አስረዳቻቸው። ለስላሳ ሆኖ የቀረ ጠብታ ጤና ነው፤ የጓጎለ በሽታ ነው አለቻቸው። ጥሩ አድርጋ ነው ያስረዳችው። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱን ለመስማት እሷን የሚጠብቅ አልነበረም።

ከእያንዳንዱ ሴረም አንድ ጠብታ፣ ከጽጌረዳዋ ብልቃጥ አንድ ጠብታ አደረገች፤ በስንጥር እያደባለቀች ሰሌዳውን ቀስ አድርጋ ታወዛውዝ ጀመር። የመጀመሪያው ጠብታ ጓጎለ። ሰው ሁሉ አየው። ሁለተኛው ጓጎለ። አቶ ደምሴ የማን በግ እንደሆነች እየጠየቁ ለባለቤቶቹ ሐዘን መግለጽ ጀምረው ነበር፤ አራተኛዋ የእሳቸው ሆነች። የሻምበል ጠብታ ሲጓጉል ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሁሉ ጓጎሉ።

"እንግዲህ ዘንድሮ ለገና በግ አይጠፋም" አሉ አቶ ደምሴ። የሳቀ የለም።

አንድ ሰው ሴቶቹን በጎች ዛሬውኑ ወደ ገበያ እንንዳ አለ። ሌላው ለሌላ አገር ሰው በሽታ ሸጠን ልንጾም ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ ሲግል ሰብለ ሰሌዳዋን አንስታ የመጨረሻውን ጠብታ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ትመለከት ነበር። እሱ የማንም በግ አልነበረም። ከቤተ ሙከራ ይዛው የመጣችው፣ ንጹሕነቱ የታወቀ ሴረም ነው፤ ለማመሳከሪያ ነው የምታስቀምጠው። እሱም ጓጉሏል።

ተራ ውኃ ጠብ አድርጋ ከብልቃጧ ጋር ደባለቀች። ውኃውም ጓጎለ።

"በጎቹ አይደሉም" አለች። "የታመመችው ብልቃጧ ናት። ሣጥኑን የነካ ሰው አለ?"

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ ሽፈራው ወዲያው። ኩራት እንጂ እፍረት አልነበረባቸውም። በረዶው ለብ ያለ ውኃ ሆኖ አገኙት። እንግዳ ቤታቸው አድሮ መድኃኒቱ ሲበላሽ ዝም ብለው ሊያዩ አልቻሉም። ብልቃጧን አውጥተው ጣሪያው ላይ፣ ውርጩ በደንብ በሚወርድበት በኩል አሳደሯት። ጠዋት እንደ ድንጋይ ጸንታ ነበር። ስለዚህ ሰብለ እንዳትቸገር ብለው ከምድጃው ዳር አቅልጠው መልሰው ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጧት።

ሰብለ ዓይኗን ጨፈነች። ብልቃጧ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት አይሆንላትም። አንዴ በረዶ ከሠራች ጀርሙ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ ከምንም ጋር ብትደባለቅ ትጓጉላለች። ንጉሤ ይህን አያውቅም ነበር፤ ሣጥኑም ላይ አልተጻፈም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ጥፋት ሊፈጠር አይችልም፤ ብንፈልግም ውርጭ የለንም።

ሁሉም የሰብለን አፍ ይጠብቅ ነበር። አቶ ሽፈራው በእድሜ አባቷ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ያደረችውም ቤታቸው ነው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ" አለች በመጨረሻ። "ከአሁን በኋላ ግን ሣጥኑን ለእኔ ይተዉልኝ።"

አቶ ደምሴ ነፍሳቸው ተመለሰች። "ሽፈራው አንድ በግ ለማዳን ብሎ አገሩን በሙሉ አሳመመ" አሉ። አሁን ሁሉም ሳቀ፤ አቶ ሽፈራውም ጭምር።

ሐሙስ

ንጉሤ ሌላ ብልቃጥ ሊያመጣ በጠዋት ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ፤ እዚያ ማቀዝቀዣ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ አለ። እኛ ዋልን።

ወይዘሮ አስካለ ጥላ ሥር እንዳልቀመጥ ይከታተሉኝ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ሰው እንግዳውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ያዛውራል፤ እሳቸው ደግሞ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር በርጩማዬን ይዘው ተከትለዋት ይዞራሉ። ሱፍ ይፈትሉ ነበር፤ እኔም ሞከርኩ። የፈተልኩትን በአክብሮት ወስደው፣ ዞር ስል መልሰው ፈቱት።

አቶ ሽፈራው ወደ ሻምበል በረት ወሰዱኝ። እናቱ ውርጭ በበዛበት ወቅት ወልዳው እንደሞተች፣ ከምድጃው አጠገብ አስተኝተው በእጃቸው እንዳሳደጉት ነገሩኝ። ያን ጊዜ ማንም አውራ ይሆናል ብሎ አላሰበም። አሁን በመንደሩ ያሉት ጠቦቶች ሁሉ ግንባራቸው የእሱ ነው።

"ነገ ቢጓጉል ቀጣዩን አውራ ለሌላ ሰው ይሰጡታል" አሉ። "አይከፋኝም። ቤቴ የገባ በሽታ ነው፤ ልክ ናቸው።"

"እኔ ስልክ ቤት ስሠራ መስመሩ ሳይገናኝ መልስ አልሰጥም ነበር" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማጽናኛ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም።

ንጉሤ ሲመሽ ደረሰ። ቀጥሎ አዲሷ ብልቃጥ የት ትደር የሚለው ጉዳይ ተነሣ። እያንዳንዱ ሐሳብ ነበረው። ውጭ ትረጋለች፤ ምድጃ አጠገብ ትሞቃለች። በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለ በሱፍ ጠቅልለው ገብስ በሞላበት ጎታ ውስጥ አስቀመጧት። ሰብለ ቴርሞሜትሯን አስገብታ አየችና ከመሥሪያ ቤቷ ማቀዝቀዣ እንደሚሻል ተናገረች። አቶ ደምሴ ከመሄዳቸው በፊት ሽፈራው ከጎታው ርቆ ይተኛ ብለው አዘዙ። ሙሽራ እንኳን እንዲህ ስትጠበቅ አላየሁም።

ዓርብ

ጠዋት ሰብለ ብልቃጧን ከጎታው አወጣች። ጠብታው ከመሠራቱ በፊት ትንሽ መሞቅ አለበት አለች፤ የክፍሉን ሙቀት ያህል።

"የየትኛውን ክፍል?" አለ ንጉሤ። ግሼ ውስጥ የሚሞቅ ክፍል እስካሁን አላየንም ነበር።

ሰብለ አሰበችና ብልቃጧን ለአቶ ሽፈራው ሰጠቻቸው። ከበርኖሳቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ እንዲይዙላት ለመነቻቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ደምሴ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። አቶ ሽፈራው መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈዋት፣ እስክትጠይቃቸው ድረስ አልተነቃነቁም፣ አልተናገሩምም። ሲመልሱላት ላብ አርሷቸው ነበር። በዚያ አገር ሰው ሲያልበው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ሰብለ የጀመረችው ከማመሳከሪያው ነው። ንጹሑ ለስላሳ ሆነ። የበሽተኛ መሆኑ የታወቀው ጓጎለ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ፤ ብልቃጧ ጤነኛ ናት። ከዚያ የሴቶቹን በጎች አስከተለች። አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ለስላሳ። ከጨነገፉት መካከል የሁለቱ ጓጎለ፤ አንዷ የአቶ ደምሴ ናት። አልቀለዱም።

ሻምበል መጨረሻ ነበር። ጠብታው ለጥቂት ጊዜ አንድ ዓይነት ጽጌረዳ መልክ ይዞ ዞረ። እኔም እንደሌላው ሰው አጎንብሼ አይ ነበር። ከዳሩ አካባቢ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ታየ። ከዚያ መካከሉ ተቆራረጠ።

አቶ ሽፈራው ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አሉ።

"ብልቃጧ አልረጋችም?" አሉ።

"አልረጋችም፣ አባባ።"

"ከምድጃም አልቀረበችም?"

"እርስዎ ነዎት የያዟት" አለች ሰብለ።

"አዎ" አሉ። "እኔ ነኝ የያዝኳት።"

ተነሥተው ሄደው ሻምበልን ከመንጋው ለዩ። ለብቻው አሰሩት፤ ድርቆሽም አቀረቡለት። ማንም አልተከተላቸውም። ሰብለ ለቀሩት ሰዎች በግ ሲጨነግፍም ሆነ ሲወልድ በባዶ እጅ እንዳይነኩ እየነገረች ነበር፤ የሚሰማት ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሴረሙን ደብረ ብርሃን ወስዳ በሌላ ዘዴ እንደምትደግመው፣ የመጨረሻው ቃል ያን ጊዜ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። አቶ ሽፈራው ሲመለሱ ለመንገድ ቆሎ ሞልተው ሰጡኝ።

"ለብርዱ ይቅርታ፣ እሜቴ" አሉኝ። በዚያች ቀን የጠየቁት ይቅርታ ይህ ብቻ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ

ድሬዳዋ ደርሼ ልብሴን በሙሉ አወለቅኩ፤ ሻንጣዬም ተመለሰች። ከገና በፊት ሰብለ ደወለች። ሁለተኛው ምርመራም ያንኑ ተናግሯል። ሻምበል ለገና ታረደ። የማይበላውን ክፍል ቀብረው ሥጋውን በደንብ አብስለው ጾሙ ሲፈታ ተካፈሉት፤ አቶ ሽፈራው ድርሻቸውን ለጎረቤት ሰጡ።

ማኅበሩ አዲስ አውራ ከመግዛቱ በፊት ደሙን አስመረመረ። ማን ዘንድ ይደር በሚለው ላይ ብዙ ንግግር ይጠበቅ ነበር። ቀድመው የተነሡት አቶ ደምሴ ናቸው። በአውራው ላይ የመጣውን ቃል በገዛ ደረቱ አሙቆ ያመጣ ሰው እያለ ሌላ ጠባቂ የምንፈልገው ለምንድን ነው አሉ። አንድ ግዴታ ግን አስገቡ፤ ሽፈራው ብልቃጥ እንዳይነካ። አውራው እንደገና እሳቸው በረት ገባ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ንጉሤ በሰው እጅ አንድ ጥቅል ላከልኝ። ባና ነው፣ የደጋ የሱፍ ብርድ ልብስ፤ ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም፣ ከባድ። ወይዘሮ አስካለ የሻምበልን ሱፍ በፈላ ውኃ አጥበው፣ በፀሐይ አሰጥተው፣ ሰብለን ጠይቀው ነው ፈትለው ያሸመኑት። በአንዱ ጥግ ላይ ፈትሉ የተዘበራረቀ ትንሽ ቦታ አለ። ከእኔ ፈትል ሁሉንም አልፈቱትም ማለት ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ባና የሚለብስ የለም። ወንበር ላይ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ጎረቤቶቼ ሲገቡ ይነኩታል፣ እጃቸውን ቶሎ ያነሳሉ፣ ያራግባሉ፤ ለምን ለደጋ ሰው እንደማልሰጠው ይጠይቁኛል።

ብርድ ሊመጣ ይችላል እላቸዋለሁ።